አሥሩ የዝንጀሮ ፊልሞች በእኔ ሚዛን

ዝንጀሮን መላ ሰውነቷን እሾህ ወግቷት «የትኛውን እንንቀልልሽ?» ቢሏት «ቅድሚያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። ደረጃ ማውጣት እንዲህ ነው። ሁሉም እሾህ ያማል፤ አንዱ ግን ካልተነቀለ መቀመጥ አይቻልም። በዚህ ጽሑፍ «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» በሚል ስም የሚታወቁትን አሥር ፊልሞች ከአሥረኛው ጀምሬ እስከ አንደኛው በደረጃ አስቀምጣለሁ። ሚዛኔም ከዝንጀሮዋ የተዋስኩት ነው። ካየሁት በኋላ ተደላድዬ እንዳልቀመጥ ያደረገኝ የትኛው ነው? የሌሎችን ክፋት አሳይቶኝ ያለፈውን ወደ ታች፣ ራሴን እንድመረምር ያስገደደኝን ወደ ላይ አድርጌዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንነጋገር። ለሐዋሳ ልጅ ጦጣና ጉሬዛ የፊልም ነገር ብቻ አይደሉም። ከመሃል ከተማ በባጃጅ ተሳፍሮ አሞራ ገደል የወረደ ሰው ጦጣው ከእጁ ሙዝ ሲቀማው፣ ጉሬዛውም ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ያያል። አማርኛችን ለእነዚህ ሁሉ ስም አለው፤ ጦጣ፣ ጉሬዛ፣ ዝንጀሮ፣ ጭላዳ ይላል። የፊልሞቹ ባለታሪኮች ግን ቺምፓንዚ፣ ጎሪላ፣ ኦራንጉታንና ቦኖቦ ናቸው። ጅራት የላቸውም፤ እንግሊዝኛው በአንድነት «ኤፕ» ይላቸዋል። በአገራችን ዱር ስለማይኖሩ አማርኛ የወል ስም አላወጣላቸውም። እኛ ሰፈር «የዝንጀሮዎቹ ፊልም» እየተባለ ስለሚጠራ እኔም «ዝንጀሮ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሁለተኛው ነገር ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ነው። «መምህር፣ ይህ ፊልም ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚለውን አያስተምርም ወይ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በመጀመሪያው ፊልም ስለ ዝግመተ ለውጥ ክርክር አለ፤ ክርክሩ ግን ተገልብጦ የቀረበ ነው፤ ዝንጀሮ ከሰው መጣ የሚል ቺምፓንዚ በመናፍቅነት ይከሰሳል። በአዲሶቹ ፊልሞች ደግሞ ዝንጀሮዎቹ አእምሮ የሚያገኙት በቤተ ሙከራ ከተሠራ መድኃኒት ነው። አሥሩን በአንድ ክር ያሰራቸው ጥያቄ ሰው ወዴት እየሄደ ነው የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ደግሞ ነቢያትም ጠይቀውታል።

የታሪኩ ምንጭ ፈረንሳዊው ደራሲ ፒየር ቡል በ1963 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የፊልሞቹና የመጽሐፉ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቡል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ተይዞ የጉልበት ሥራ ተፈርዶበት ነበር። የያዙትም ባዕዳን አልነበሩም፤ ለቪሺ መንግሥት ያደሩ የገዛ አገሩ ሰዎች ነበሩ። ወገን በወገኑ ላይ ሊጨክን እንደሚችል በራሱ ላይ ደርሶ ያወቀ ሰው ነው። ከመጽሐፉ በመነሣት ከ1968 እስከ 1973 አምስት ፊልሞች ተሠሩ። በ2001 አንድ ለብቻው ቆሞ የቀረ ፊልም ወጣ። ከ2011 እስከ 2024 ደግሞ አራት አዳዲስ ፊልሞች ተጨመሩ።

ሁለት ማሳሰቢያ ልስጥ። መጨረሻቸውን ሳልደብቅ ስለምናገር በራሳችሁ ማየት የምትፈልጉ አስቀድማችሁ እዩ። ጦርነትና ግድያ ስላለባቸውም ከታናናሽ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ጋር የሚታዩ አይደሉም።

10ኛ፦ የ2001ዱ «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ»

ዳይሬክተሩ ቲም በርተን ነው። ሜካፑን የሠራው ሪክ ቤከር ሲሆን የዝንጀሮዎቹ ፊት እጅግ ያምራል። ጄኔራል ቴድ ሆኖ የሚጫወተው ቲም ሮዝም ያስፈራል። ነገር ግን ጠፈርተኛው ይመጣል፣ ይዋጋል፣ ይሄዳል፤ በመሃል ልቡ የተለወጠ ሰው የለም። መጨረሻው ላይ ዋሽንግተን ሲደርስ የአብርሃም ሊንከን ሐውልት የዝንጀሮ ፊት ይዞ ይጠብቀዋል። ያስደነግጣል፤ ሆኖም ከፊልሙ ታሪክ ያልበቀለ ድንጋጤ ስለሆነ መብራት ሲበራ አብሮ ይጠፋል። እኔን የትም አልወጋኝም።

9ኛ፦ «ቢኒዝ» (1970)

በኒውዮርክ ፍርስራሽ ሥር የሚኖሩ ሰዎች አሉ። የተበላሸ ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው በፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ይዘምራሉ፣ ይንበረከካሉ፣ በረከት ይቀበላሉ። መሠዊያው ላይ የቆመው ግን የኑክሌር ቦምብ ነው። ዝማሬውም ጸሎቱም ሥርዓቱም ሳይጓደል የሚመለከው ተቀይሯል። አምልኮ የሚመሩ ወጣቶች ይህችን ትዕይንት ቢያዩ የሚወያዩበት አያጡም። ቀሪው ፊልም ግን ግማሹ የመጀመሪያውን ይደግማል፤ መጨረሻውም ቦምቡ ፈንድቶ ምድር መጥፋቷ ነው። ተስፋ የሚባል ቀዳዳ አልተወልንም፤ ለዚህ ነው ወደ ታች ያወረድኩት።

8ኛ፦ «ባትል» (1973)

የአምስቱ የድሮ ፊልሞች መዝጊያ ነው። ገንዘብ እንዳጠረው በግልጽ ይታያል፤ ጦርነቱ የሰፈር ጠብ ይመስላል። ሆኖም ወደፊት ደጋግመን የምናነሳው ሕግ በዚህ ፊልም ጎልቶ ይወጣል፤ ዝንጀሮ ዝንጀሮን አይገድልም የሚለው ነው። ሕጉን የሚያፈርሰው ጎሪላው ጄኔራል አልዶ ሲሆን የሚገድለውም የመሪውን የቄሳርን ልጅ ነው። ዝንጀሮዎች ከሰው እንሻላለን ይሉ የነበረው ሕጋቸውን ይዘው ነው፤ አሁን ምን ይበሉ? በመጨረሻ የሰውና የዝንጀሮ ልጆች አብረው ተቀምጠው ሲማሩ እናያለን፤ ከኋላቸው የቄሳር ሐውልት ያነባል። እንባው የደስታ ይሁን የሐዘን ፊልሙ አይነግረንም። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ፊልሙ ግን ለመሸከም አቅም አነሰው።

7ኛ፦ «ኮንከስት» (1972)

ውሻና ድመት በበሽታ አልቀው ሰዎች ዝንጀሮን ለቤት እንስሳነት ያመጣሉ። ቆይቶ አገልጋይ፣ ከዚያም ባሪያ ያደርጉታል። ቄሳር የሚባለው ቺምፓንዚ ወገኖቹን አሳምፆ ከተማውን ይይዛል። ከገዢው ሹማምንት መካከል ለዝንጀሮዎቹ የሚራራው ማክዶናልድ ብቻ ነው፤ እርሱም የባሮች ዘር የሆነ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ፊልሙ ዘመኑን በአሜሪካ ከተሞች ከተቀጣጠለው የጥቁሮች ቁጣ ጋር ያያይዛል።

መጨረሻው መጀመሪያ ሲቀረፅ ምሕረት አልነበረበትም፤ ቄሳር በቀልን አውጆ ያበቃ ነበር። ለሙከራ ያዩት ተመልካቾች ስለከበዳቸው ሠሪዎቹ የምሕረት ንግግር ጨመሩበት። ስታዩት ስፌቱ ይታያል። ፊቱን በሙሉ ማሳየት ስላልተቻለ ካሜራው ወደ ዓይኖቹ ተጠግቶ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ያ ምሕረት ከቄሳር ልብ ሳይሆን ከመቀስ የመጣ ነው። በቤተ ክርስቲያን ውስጥም እንዲህ ያለ ይቅርታ አውቃለሁ። ሽማግሌዎች ቸኩለው ያስታረቁት፣ እጅ ተጨባብጦ ልብ ያልተገናኘበት እርቅ ማለቴ ነው።

6ኛ፦ «ራይዝ» (2011)

አዲሶቹ አራቱ የሚጀምሩት እዚህ ነው። ሜካፕ ቀርቶ የተዋናዩን የፊትና የሰውነት እንቅስቃሴ በካሜራ ቀድተው በኮምፒውተር የዝንጀሮ አካል ያለብሱታል። ቄሳርን የሚጫወተው አንዲ ሰርኪስ በዓይኑ ብቻ የሚናገረውን ብዙ ተዋናይ በአፉ አይናገረውም።

አንድ ተመራማሪ አባቱን ከመርሳት በሽታ ለመፈወስ የሠራው መድኃኒት ለዝንጀሮ አእምሮ ይሰጣል። ሕፃኑ ቄሳር በሳን ፍራንሲስኮ በሰው ቤት ያድጋል። አንድ ቀን የታመሙትን አዛውንት ከጎረቤት ጉልበት ሲከላከል ሰው ይጎዳና ወደ ማጎሪያ ይወሰዳል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የቤቱን መስኮት ይሥላል። ቆይቶ ወደ ቤት እንደማይመለስ ሲገባው ሥዕሉን በእጁ ያጠፋዋል። ወጥቶ ለመማር ወይም ለሥራ ከቤቱ የራቀ ወጣት ይህን ትዕይንት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። የመጀመሪያ ቃሉም «እምቢ!» የሚል ነው። ከዚህ በላይ ያልወጣው ክፉዎቹ ሰዎች ክፉ ብቻ ስለሆኑ ነው፤ እነርሱን መጥላት አይከብድም፤ በቀላሉ የሚጠላ ጠላት ደግሞ ተመልካቹን ራሱን አያስመረምረውም።

5ኛ፦ «ኤስኬፕ» (1971)

ጉዞው ተገልብጧል። ቆርኔሌዎስና ዚራ የተባሉ ባልና ሚስት ቺምፓንዚዎች ከወደፊቱ ዘመን በጠፈር መንኮራኩር ሎስ አንጀለስ ይደርሳሉ። በመጀመሪያ ከተማው ያብድላቸዋል። ልብስ ይሰፋላቸዋል፣ ሆቴል ይያዝላቸዋል፣ ጋዜጠኛ ይከተላቸዋል። ከእነርሱ የሚወለደው ልጅ ወደፊት የሰውን አገዛዝ ሊያበቃ ይችላል የሚል ፍርሃት ሲነሣ ግን ያው ከተማ ያሳድዳቸዋል። ሕፃኑ ሳያድግ ይጥፋ ይባላል። እናቲቱ ልጇን በሰርከስ ቤት ከተወለደ ሌላ ግልገል ጋር ቀይራ ታድነዋለች፤ እርሷና ባሏ ይገደላሉ።

ሄሮድስን የምታውቁ አንባቢዎች ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በሆሳዕና የጮኸ ሕዝብ በሳምንቱ ምን ብሎ እንደጮኸም ታውቃላችሁ። በሳቅ ጀምሮ በሐዘን የሚያበቃ፣ ትንሽ በጀት ያለው ትልቅ ፊልም ነው። እንግዳን ስንቀበል የምንቀበለው እስኪያስፈራን ድረስ ብቻ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል።

4ኛ፦ «ኪንግደም» (2024)

ቄሳር ከሞተ ብዙ ትውልድ አልፏል። ወጣቱ ኖዋ ንስር በሚያላምድ መንደር ያደገ ቺምፓንዚ ሲሆን የቄሳርን ስም እንኳ ሰምቶ አያውቅም። ባሕር ዳር ላይ የነገሠው ፕሮክሲመስ ግን በቄሳር ስም ይምላል፤ ራሱንም ቄሳር ብሎ ሰይሟል። ዝንጀሮዎች አብረው ሲሆኑ ብርቱ ናቸው የሚለውን የቄሳርን ቃል እየደጋገመ መንደር ያቃጥላል፣ ሕዝብ ያፈልሳል፣ በባርነት ያሠራል። ቃሉ አንድም ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያገለግለው ዓላማ ነው። በሌላ በኩል ራካ የተባለ ብቸኛ ኦራንጉታን አለ። ያ ቃል የተነገረው ለርኅራኄ መሆኑን የሚያስታውስ እርሱ ብቻ ቀርቷል፤ ለኖዋ ትንሽ አስተምሮት ወንዝ ይወስደዋል።

ትምህርት ሳዘጋጅ ከአሥሩ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይህ ነው። ቃል መጥቀስ ቀላል ነው፤ ዲያብሎስም ጌታን ሲፈትን ጠቅሷል። ቃሉን ማን ተናገረው፣ ለማን፣ ስለ ምን ብሎ መጠየቅን ያልተማረ ወጣት ፕሮክሲመስ ሲመጣ አጨብጫቢ ይሆናል። ፊልሙ ረጅም ነው፤ መጨረሻውም ለቀጣይ ክፍል በር ከፍቶ ስለሚሄድ አራተኛ አድርጌዋለሁ።

3ኛ፦ የመጀመሪያው፣ «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» (1968)

ብዙ ወላጆቻችን ቻርልተን ሄስተንን የሚያውቁት በ1956ቱ «አሥርቱ ትእዛዛት» ፊልም ሙሴን ሆኖ ነው። እዚህ ደግሞ ሰውን ሁሉ የሚንቅ ጠፈርተኛ ሆኖ ይመጣል። ያረፈበት ምድር ሰዎች ዲዳ ናቸው፤ ዝንጀሮዎች ይናገራሉ፣ በፈረስ ይጋልባሉ፣ ያድናሉ፣ ይፈርዳሉ። የሜካፑ ባለሙያ ጆን ቼምበርስ ለሥራው ልዩ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ በዚያ ዘመን ለሜካፕ የተመደበ ቋሚ ዘርፍ አልነበረም።

ሁላችሁም ልታዩት የሚገባ ገጸ ባሕርይ ዶክተር ዜየስ ነው። ኦራንጉታን ነው፤ የሳይንስ ሚኒስትርም የእምነት ጠባቂም ነው። ማስረጃ ሲመጣ ይደብቃል፣ ዋሻውንም በፈንጂ ያፈርሳል። እውነቱን ሳያውቅ ቀርቶ እንዳይመስላችሁ፤ ያውቀዋል። ሕዝቡ ካወቀ እምነቱ ይፈርሳል ብሎ ስለሚፈራ ነው። እንደ መምህር ይህ ሰውዬ ይኮረኩረኛል። እውነትን የሚፈራ እምነት በራሱ ላይ መስክሯል። ጥያቄ ይዞ የመጣን ወጣት «ዝም በል፣ ብቻ እመን» ስንለው የዜየስን ፈንጂ እየቀበርን ነው።

መጨረሻውን ያላየው ጥቂት ነው። ጠፈርተኛው በባሕር ዳርቻ ሲጋልብ ግማሽ አካሉ አሸዋ የዋጠውን የኒውዮርኩን የነጻነት ሐውልት ያገኛል። ሌላ ፕላኔት የመሰለው የራሱ ምድር ነበር። ያጠፉትም የራሱ ወገኖች ናቸው። ነቢዩ ናታን በዳዊት ፊት ስለ ሌላ ሰው በግ የተናገረው ምሳሌ የዳዊት ራሱ ሆኖ እንደተገኘ፣ ይህም ፊልም ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሌሎች ሲያወራን ቆይቶ ጣቱን ወደ እኛ ያዞራል።

2ኛ፦ «ዋር» (2017)

ዳይሬክተሩ ማት ሪቭስ ነው። ወታደሮች ሌሊት ገብተው የቄሳርን ሚስትና የበኩር ልጁን ይገድላሉ። ቄሳር ሕዝቡን ወደ በረሃው ማዶ እንዲሄዱ አዝዞ እርሱ ኮሎኔሉን ሊገድል ይሄዳል። እርሱ በቀሉን ሲያሳድድ ሕዝቡ መንገድ ላይ ተማርኮ ለኮሎኔሉ ግንብ እየሠራ ይጠብቀዋል። ወዳጁ ሞሪስ በመንገድ ላይ አሁን እንደ ኮባ እየተናገርክ ነው ብሎ ይነግረዋል። ኮባ ማን እንደሆነ በአንደኛው ላይ እናገራለሁ፤ ለአሁኑ ቄሳር በሕልሙ የሚያየው የሞተ ሰው ነው በሉ።

በመጨረሻ ኮሎኔሉ በበሽታው ዲዳ ሆኖ ወድቆ ቄሳር በላዩ ላይ ሽጉጥ ይዞ ይቆማል። አይተኩስም። ይህ ምሕረት በመቀስ የመጣ አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተከፈለበት ነው። ምሕረት ብድር አይደለምና ሁልጊዜ ተመላሽ አይሆንም፤ ቄሳር በመጀመሪያ ሕይወቱን ያተረፈለት ወታደር በኋላ በቀስት ይወጋዋል። የሚያድነው ደግሞ ከጠላት ጋር ወግኖ ሲያሠቃየው የነበረ ጎሪላ ነው። ወታደሮቹ እንዲህ ያሉትን ዝንጀሮዎች «አህያ» ብለው ጀርባቸው ላይ ጽፈውባቸዋል። ጎሪላው በዚያች ቅጽበት ወደ ወገኑ ይመለሳል፤ ሕይወቱንም ይከፍላል።

ቄሳር ሕዝቡን ውኃና ለምለም ሣር ወዳለበት አድርሶ፣ ምድሪቱን በሩቁ እያየ ይሞታል። ሙሴ በናባው ተራራ ላይ እንደሆነው ማለት ነው። ብዙዎች ይህን አንደኛ ያደርጉታል፤ አልከራከራቸውም። እኔ ሁለተኛ ያደረግሁት ፈውሱን የሚያሳይ ፊልም ስለሆነ ነው። ዝንጀሮዋ ግን ቅድሚያ የጠየቀችው እሾሁን ነው።

1ኛ፦ «ዶውን» (2014)

ይህንንም የሠራው ማት ሪቭስ ነው። በሽታ ሰውን ጨርሶ ጥቂቶች በሳን ፍራንሲስኮ ፍርስራሽ ቀርተዋል። ዝንጀሮዎቹ በጫካው ከተማ ሠርተዋል። ሞሪስ የተባለው ኦራንጉታን መምህር ልጆቹን ዝንጀሮ ዝንጀሮን አይገድልም የሚለውን ሕግ ያስተምራቸዋል። ሰዎቹ መብራት ለማግኘት በዝንጀሮዎቹ ምድር ያለውን የኃይል ማመንጫ ግድብ መጠገን ይፈልጋሉ። ቄሳር ሥራቸውን ይሥሩ ይላል። ያን ጊዜ ኮባ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ እያሳየ «የሰው ሥራ» ይለዋል። ኮባ ዕድሜውን በቤተ ሙከራ ሲቆራረጥ የኖረ ቦኖቦ ነው። እዚህ ጋ ፊልሙን አቁሙት። ኮባ አልዋሸም። ጠባሳው እውነተኛ ነው፤ የበደሉትም ሰዎች ናቸው። ጥላቻ ሁልጊዜ በውሸት አይጀምርም፤ ብዙ ጊዜ በእውነተኛ ጠባሳ ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ ኮባ ቄሳርን በጥይት መትቶ ሰዎች ገደሉት ብሎ ያውጃል፤ ሕዝቡንም ይዞ ይዘምታል። ያልታጠቁ ሰዎችን አልገድልም ያለውን ወጣቱን አሽን ከፎቅ ይወረውረዋል። ቄሳር ሳይሞት ቀርቶ የሚያስታምመው የሰው ቤተሰብ ነው። ዝንጀሮዎች ከሰው የተሻሉ ይመስሉት እንደነበር፣ አሁን ግን ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ እንዳየ የሚናገረው በዚህ ጊዜ ነው።

መጨረሻው ግንብ ላይ ነው። ሁለቱ ተዋግተው ኮባ ገደል አፋፍ ላይ ይንጠለጠላል። ቄሳር እጁን ይዞታል። ኮባ ሕጉን ያስታውሰዋል፦ ዝንጀሮ ዝንጀሮን አይገድልም። ቄሳርም «አንተ ዝንጀሮ አይደለህም» ብሎ ይለቀዋል።

ብዙ ተመልካች በዚህ ጊዜ እፎይ ይላል። ኮባ የሚገባውን አገኘ ይላል። ከአሥሩ ፊልሞች እኔን የሚወጋኝ እሾህ ግን ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ቄሳር ሕጉን አላፈረሰም። ሕጉ እንደተጻፈ ግድግዳው ላይ አለ። ቄሳር ያደረገው ወንድሙን ከሕጉ ማውጣት ነው። ስሙን ነጠቀው፤ ስሙ ከተነጠቀ በኋላ እጁን መልቀቅ ቀላል ሆነ። በጎው መሪ፣ ትዕግሥተኛው፣ ሕጉን ራሱ ያወጣው ነው ይህን ያደረገው። ክፉው አድርጎት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ የዚህ ከተማ ልጆች ናችሁ። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ሐዋሳ ያየችውን አይታችኋል፤ ልጅ የነበራችሁም ከታላላቆቻችሁ ሰምታችኋል። ሱቅ ተዘግቶ፣ ጎዳና ባዶ ሆኖ፣ ትናንት ቡና ይጣጡ የነበሩ ጎረቤታሞች በዓይን ሲሸሻሹ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተካሄደው ጦርነት ደግሞ ጆሯችን ምን ያህል ስም እንደለመደ አስታውሱ። የአውሬ ስም፣ የበሽታ ስም፣ የአረም ስም። በየትኛውም ወገን ሰው መግደል ጥሩ ነው ብሎ የጀመረ አልነበረም። ሁሉም አትግደል የሚለውን ያውቃል። መጀመሪያ የተደረገው «እነዚህ እኮ ሰዎች አይደሉም» መባሉ ነው። ይህን ቃል በሰፈራችን ጸሎት ከሚያውቅ አንደበት ሲወጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተባለላቸው ሰዎች ከእኛ ጋር አንድ የጌታ እራት የቆረሱ ነበሩ።

ስለዚህ «ወገን ወገኑን አይገድልም» የሚለው ሕግ ሰላም አያመጣም እላለሁ። ሕጉ ወገን ማነው የሚለውን ለባለ ሥልጣኑ ይተዋልና። ወደ ጌታ የመጣው ሕግ አዋቂም የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ ባልንጀራዬ ማነው አለ። ድንበሩ ይሰመርልኝ ማለቱ ነው። ጌታ ድንበር አላሰመረለትም፤ ጀርባው የተላጠ ሰው መንገድ ላይ አስተኝቶለት፣ የሚያነሣውንም ሳምራዊ አደረገው። ጠያቂው ከድንበሩ ውጭ ያስቀመጠውን ሰው ማለት ነው። ያን ታሪክ የተቀበለ ሰው «አንተ ዝንጀሮ አይደለህም» የሚልበት ቦታ አይቀርለትም። ኮባ መከሰስ ነበረበት፣ መታሰር ነበረበት፣ ለአሽ ደም መልስ መስጠት ነበረበት። ይህ ሁሉ ግን የሚደረገው ስሙን ሳይነጥቁት ነው። ፍርድ ለወንድምም ይሰጣል፤ ፍርድ የሚሰጠውም ወንድም ስለሆነ ነው።

«ዶውን» ይህን አይሰብክም። ቄሳርን አያወግዘውም፣ አያመሰግነውምም። እጁን ሲለቅ ያሳየንና ሕዝቡ ሲንበረከክለት ፊቱ ላይ ይቆማል። ፊቱ የድል ፊት አይደለም። ቀጣዩ ፊልም ኮባን በሕልሙ የሚያመጣበት ለዚህ ነው።

ይህ የእኔ ደረጃ ነው። በወጣቶች ኅብረታችን ስናወራበት «ኪንግደም»ን አንደኛ ያደረጉ አሉ፤ የ1968ቱን ማንም አይነካውም ያሉም አሉ። እናንተም አንድ ወረቀት ወስዳችሁ የራሳችሁን አውጡ። ከእያንዳንዱ ፊልም ጎን ለምን እንዲያ እንዳደረጋችሁት አንድ መስመር ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጡና በጀርባው በዚህ ሳምንት በቤት፣ በታክሲ፣ በስልካችሁ፣ ከጉባኤ ስትወጡ የሰማችሁትን ስም ጻፉ። ሰውን ከሰውነት የሚያወጣ ስም ማለቴ ነው። ከጎኑም ያ ስም የተሰጠውን የአንድ የምታውቁትን ሰው እውነተኛ ስም ጻፉ። የአባቱንም ስም የምታውቁ ከሆነ ጨምሩበት።